«ሥጋው የማን ነው?» እና ሌሎች የገበታ ጥያቄዎች

ከደሴና ከዙሪያዋ የላካችሁልኝ የገበታ ጥያቄዎች ተከምረዋል። የረዘመውን አሳጥሬ፣ የተቆጣውን አለሳልሼ፣ በራሴ አነጋገር አቅርቤዋለሁ። «ደብዳቤዬ ተቆረጠ» የሚል ካለ ልክ ነው፣ ተቆርጧል። «አሁንም ካልመለስክልኝ ዐምድህን አላነብም» ያልከው የሮቢቱ ወዳጄ፣ ያንተ ሁለተኛ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር። ጥሬ ሥጋ በልቶ ላዩ ላይ ማኪያቶ መጠጣት ሆድ ያበላሻል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ማኪያቶው ምንም አላጠፋም። የሚያበላሽ ነገር ካለ ቀድሞት ገብቷል።

ጥያቄ፦ የሮቢቱ ወዳጃችን ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር አዲስ የተከፈተ ሆቴል ሬስቶራንት ገብቶ ነበር። ሜኑው ላይ 600 ብር የሚለው ጥብስ ሒሳብ ሲመጣ 759 ብር ሆነ። ቢጠይቅ «ሲስተሙ ነው የሚያወጣው» ተባለ። «ተዘረፍን ወይስ እኛ ነን ያላወቅነው?» ይላል።

መልስ፦ አልተዘረፋችሁም። ግን ማንም አልነገራችሁም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎች መጀመሪያ በምግቡ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ 600 የነበረው 660 ይሆናል። ከዚያ በጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል፤ 99 ብር። ሲደመር 759። ሜኑው ላይ ያየኸው ዋጋ ጠረጴዛህ ላይ እስኪያርፍ በ26 ነጥብ 5 በመቶ አድጓል ማለት ነው። ብዙ ሰው 10ንና 15ን ደምሮ 25 ይጠብቅና በቀረችው አንድ ከግማሽ ከካሸሩ ጋር ይጣላል። እሷ በአገልግሎት ክፍያው ላይ የተጣለች ቫት ናት፤ ካሸሩ አልፈጠራትም።

ቫት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 813/2006) ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። እኔን የሚያበሳጨኝ ዋጋውን በወፍራም ቀለም ጽፎ፣ «ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም» የምትለዋን በሜኑው ጀርባ፣ ከስልክ ቁጥሩ በታች፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል የሚደብቅ ቤት ነው። ስለዚህ ከማዘዝህ በፊት «ዋጋው ሁሉንም ያጠቃልላል?» በል። እንዲህ ብሎ መጠየቅ የድሃ ምልክት የሚመስላቸው አሉ። ሀብታም ሲጠይቅ ስላላዩ ነው፤ ከሁላችን በላይ አጥብቆ የሚጠይቀው እሱ ነው።

«ያለ ደረሰኝ ይሁንልህ?» ብሎ በጆሮህ የሚያንሾካሹክም አለ። ብዙ ጊዜ ታክሱን አይቀንስልህም፤ ከአንተ ይቀበልና ደረሰኙን ብቻ ያስቀርብሃል። ደረሰኝህን ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ካለ የባንክ ቅርንጫፍ። ሥራ አስኪያጃቸው ተዛውሮ ሊሄድ ስለሆነ ራት ሊጋብዙት ገንዘብ አዋጥተዋል። ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። አንዱ «ኮምቦልቻ ወርደን ደህና ሆቴል እንብላ» አለ። ሌላው «ሁላችንም ሽሮ በልተን እንገላገል» አለ። ሦስተኛው «በዚህ ዘመን ይህን ትጠይቃላችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ በሳቁ የተቀየመች ባልደረባ «እኔ እቀራለሁ» ብላለች። ደብዳቤውን የጻፈችልኝ «ጋሼ፣ ሁለቱንም የሚያስተናግድ ቤት ስም ንገረንና ገላግለን» ትላለች።

መልስ፦ የቤት ስም አልሰጥሽም እህቴ። ዛሬ የማመሰግነው ቤት ነገ ወጥ ሠሪ ይቀይራል። ግን ጉዳዩ የእኔም የቆየ ቁጭት ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ።

የወሎ ቤት ይህን ጥያቄ ድሮ ጨርሶታል። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሐጂ አጎትና ዲያቆን የአክስት ልጅ ሲኖሩ ሰርግ እንዴት እንደሚደገስ እናቶቻችንን መጠየቅ ነው። ሙክቱ ሁለት፣ አራጁ ሁለት፣ ጎላው ሁለት፣ ጭልፋው ሳይቀር ሁለት ነው። ትሪ የሚያዞረው ጎረምሳ «ይሄ የሙስሊም ነው፣ ያ የክርስቲያን ነው» እያለ ጮክ ብሎ ያልፋል፤ የሚሸማቀቅ የለም። ለጎረቤቷ ብላ አንዲት ድስትና ሁለት ሰሃን ለይታ የምታስቀምጥ ሴት በየሰፈሩ ነበረች፤ ዛሬም አለች። ያን ሁሉ ድካም የሚደክሙት አብረው ለመብላት ነው።

ወደ ኋላ የቀሩት ምግብ ቤቶቻችን ናቸው። ልኳንዳው በር ላይ መስቀል አለ፣ ወይም ጨረቃ አለ፤ አይቶ መግባት ነው። ባለ መስታወቱ ሬስቶራንት ግን ከሁለቱ አንዱን ደንበኛ ማጣት ስለማይፈልግ ምልክቱን አወረደው፤ በቦታው ምንም አላስቀመጠም። እንግዳው ጎንበስ ብሎ አስተናጋጇን «ሥጋው የማን ነው?» ይላታል። ማንም አስቀድሞ አልነገራትምና ግራ ገብቷት ወደ ኩሽና ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የማልረሳው «የሁሉም ነው» የሚለውን ነው። የሁሉም ሥጋ የሚባል የለም! አንድ በሬ አንዴ ነው የሚታረደው፣ ያረደውም አንድ ሰው ነው።

«ሁለቱንም ለይተን ነው የምንሠራው» የሚሉም አሉ። ባለቤቱ በኩራት ሁለት ማቀዝቀዣ ከፍቶ ያሳይሻል፤ እውነቱን ነው፣ ሁለት ናቸው። ምድጃው ጋ ጠጋ ስትዪ ግን ጥብሱ የሚጠበስበት መጥበሻ አንድ ነው፣ የሚገለበጥበት ማንኪያ አንድ ነው፣ መክተፊያው ጣውላ አንድ ነው። ወጥ ሠሪው በመሐል ከትከሻው ጨርቅ ያወርድና ጠረግ ያደርገዋል። በጨርቅ ጠረግ ተደርጎ የሚለይ ሥጋ ገና አልሰማሁም። ይህን የምለው ወጥ ሠሪውን ለመክሰስ አይደለም፤ ሁለት መጥበሻ የሚገዛው እሱ አይደለም። ሁለት መጥበሻ ደግሞ ለጣሪያው ከተሰቀለው ባለ ቀለም መብራት ዋጋ ምኑም አይደል።

አሁን «ሽሮ በልተን እንገላገል» ወዳለው ልምጣ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ግን ሽሮም ይመረመራል። ቦዘና ሽሮ ውስጥ ሥጋ አለ። ፍርፍሩ የቋንጣ ሊሆን ይችላል። የአትክልት ሾርባ የተባለው በአጥንት መረቅ የተጀመረ ሊሆን ይችላል፤ የፓስታው ስጎም ሥጋ ነክቶት እንደሆነ ይጠየቃል። የሚያስታርቀው ዓሣ ነው፤ ቢላ ይዞ የሚባርክ ስለማያስፈልገው ሁለቱም ወገን ይበላዋል። እንቁላልም እንደዚሁ። ይህ ግን ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ እንቁላሉም ይወጣል፤ የዓሣው ክርክር እንኳ ራት ያቀዘቅዛል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ መጀመራቸውን ታስታውሻለሽ። የሁለቱን ወግ የሚያውቅ ባለ ምግብ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ በያይነቱንም ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ሾርባና ሳምቡሳም በየሰዓቱ ማሰናዳት አያቅተውም።

መጠጡንም አስቡበት። ምግቡ ላይ የተስማማ ማኅበር ቢራው ሲመጣ ሲበተን አይቻለሁ። አልኮል ካለበት ገበታ መቀመጥ የሚከብደው ሰው አለ፤ አፍ አውጥቶ ላይናገር ይችላል፣ በሚቀጥለው ግብዣ ግን «ራሴን አሞኛል» ብሎ ይቀራል። ራቱ ላይ ውሃና ለስላሳ ይበቃችኋል። የጠማው ከራት በኋላ ወደ ግሮሰሪው ጎራ ይበል፤ ግሮሰሪው አይሸሽም።

በሳቀው ልጅ ላይ ብዙ አልናገርም። ግድ የማይሰጠው ሰው በራሱ አፍ ማዘዝ ይችላል፣ በሌላው አፍ ላይ ግን ማን ሾመው? ደሴ እኮ ንጉሥ ሚካኤል በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ያበሉባት ከተማ ናት። እንግዳ ማክበርን ከላውንጅ የምንማር አይደለንም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ቀኑን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ በሉት። አንድ ሙስሊም አንድ ክርስቲያን ሆናችሁ፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ በቀን ሂዱና ባለቤቱን ራሱን አነጋግሩ፤ በጥድፊያ ላይ ያለች አስተናጋጅን አታስጨንቁ። ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ መጣ? መጥበሻው ይለያል? ቢላውስ? ፊቱን ካጨፈገገ ሌላ ቤት ሞልቷል። ደስ ብሎት ኩሽናውን ካሳያችሁ እዚያው ቀብድ ስጡት። ሁለት ትሪ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። «እቀራለሁ» ያለችውን ባልደረባችሁን ደግሞ ከሁለቱ ተላላኪዎች አንዷ አድርጓት። ሐላሉን ሼሁን፣ ጾሙን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ የእኔ ዕውቀት መጥበሻው ጋ ያበቃል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የሚሠራ ወጣት ነው። ከጓደኞቹ ጋር አዝማሪ ቤት ገብቶ፣ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ብሎ ሲመለስ አዝማሪው መሰንቆውን ወደ እሱ አዙሮ፦

ደሴ ላይ ተቀምጦ ኮምቦልቻን ያየ፣
ሒሳቡ ሲመጣ ከሰው ተለየ።

ብሎ ገጠመበት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ስሜ ጠፍቷል። ማንን ልክሰስ?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ስምህ አልጠፋም። ግጥሙም ሸጋ ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ አልሰደብም ማለት ዝናብ ላይ ወጥቶ አልረጥብም እንደማለት ስለሆነ ክሱን ተወው። ወጉ፣ ብር አውጥተህ ግንባሩ ላይ ለጥፈህ «ተቀበል!» ብለህ ሁለት ስንኝ መመለስ ነበር። ስንኙ እንደመጣልህ ይሁን፣ እሱ ያቃናልሃል፤ ሲያወድስህ ደግሞ ከስድቡ ይረዝማል። ስንኝ የሚባል ካልመጣልህ አምባሰልን ወይም ባቲን እንዲጫወትልህ ጠይቅ። ወሎ ተቀምጠህ የሰሞኑን ዘፈን ጠይቀኸው ከነበረ ግን ስድቡ ሲያንስህ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተዛወረች መምህርት። ኮምቦልቻ ሳለች ቅቅል የምትበላው እየፈረሰላት ነበር። ደሴ ከመጣች ወዲህ ሥጋው ጥርስ ይፈትናል፣ ፓስታውም መሐሉ ጥሬ ነው። «የደሴ ወጥ ሠሪዎች ሰነፎች ናቸው ወይስ የሚያርዱልን ሽማግሌ በሬ ነው?»

መልስ፦ ሽማግሌ በሬ የለም አልልም፤ ዋናው ተጠያቂ ግን የጦሳ ተራራ ነው። ደሴ ከጦሳ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይንተከተካል፣ ኮምቦልቻ 94 ገደማ። ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሪበት ውሃው ይተንናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ጥቂት ዲግሪ ናት፣ ጅማትና ምስር ግን ያውቋታል።

መድኃኒቱ ጊዜ ነው፤ ወይም ክዳኑ ተቆልፎ እንፋሎቱን የሚያፍን ድስት። ቅቅል የምትበዪበት ቤት ሌሊት የሚጥድ ይሁን። በምሳ ሰዓት ተጥዶ በምሳ ሰዓት የሚወጣ ቅቅል ደሴ ላይ አይሆንም። ጥብስ እዘዢ፣ ዘይት የከፍታ ነገር አያሳስበውም።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጥሬ ሥጋ አምሯታል፤ ባለቤቷም ልኳንዳ እየወሰደ ያበላታል። አማቷ «ያማራትን ካልበላች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» ይላሉ። «ቢቀር ለብለብ ክትፎ ብበላ ይሻላል?» ትላለች።

መልስ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አትብዪ። ጥሬውንም፣ ለብለቡንም።

ሁላችንም የምናውቀው የኮሶ ትሉን ነው፤ «ቢይዘኝ እሽራለሁ» ብለን እንበላለን። አንቺ የምትፈሪው ሌላ ነው። ያልበሰለ ሥጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖር ይችላል። እናትየዋን ምንም ሳያሳምማት ወደ ጽንሱ አልፎ የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። የልኳንዳው ንጽሕና አያስጥልሽም፣ ሚጥሚጣና አዋዜም አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው ውስጡ ቀይ እስከማይሆን ድረስ። ያልፈላ ወተትም ይቅርብሽ።

እስካሁን የበላሽው አያስደንግጥሽ፤ ግን አትደብቂው። የእርግዝና ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ነፍሰ ጡር ከሆንኩ ወዲህ ጥሬ ሥጋ በልቻለሁ» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እስከዚያ ኮሶም ሆነ ከፋርማሲ የተገዛ የትል መድኃኒት በራስሽ እንዳትወስጂ፤ ኮሶ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ክትትል ካልጀመርሽ ነገ ጠዋት ሂጂ፤ ነገ ስል በሚቀጥለው ሳምንት ማለቴ አይደለም። አማትሽንም ከአክብሮት ጋር «ጥሬ ሥጋ ያልበላች እናት ልጅ ላይ ምልክት አይወጣም» በያቸው። ባልሽ ልኳንዳ መሄድ ከወደደ ይሂድ፤ ያንቺን በደንብ አስጠብሶ ያምጣልሽ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ላውንጅ አስተናጋጅ ናት። ስድስት ሆነው የገቡ ደንበኞች ጠጥተው ጠጥተው፣ አንድ በአንድ ሽንት ቤት እየሄዱ በዚያው ጠፉ። ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን በእሷ ላይ ጽፎ የወሩን ደመወዟን በሙሉ አስቀረባት። «ደንበኛ በፉጨት ሲጠራኝ ዝም እላለሁ፣ በጭብጨባ ሲጠራኝ ዝም እላለሁ። ይህንንም ዝም ልበል?»

መልስ፦ ይህንን ዝም አትበዪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) አሠሪ በፈለገው ጊዜ ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድለትም። የሚቆርጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ተስማምተሽ እንኳ ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ደመወዝ በሙሉ የሚቀርበት መንገድ የለም።

ስትቀጠሪ ያስፈረሙሽን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢው፤ «ለጠፋ ሒሳብ ኃላፊ ነኝ» የሚል ተደብቆ ይኖር ይሆናል። ከዚያ ወረቀቱን፣ ደመወዝ የተቀበልሽበትን ማስረጃና አስኪያጁ የላከልሽን መልእክት ይዘሽ በከተማችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየውን ጽሕፈት ቤት አነጋግሪ። በቃል ብቻ አትመለሺ፣ አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺበት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ተናደሽ ሥራውን ጥለሽ አትውጪ፤ እሱን እየጠበቁ ሊሆን ይችላል። የሕግ ዕርዳታ የሚሰጥ ካገኘሽ አማክሪ፤ እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ፣ እዚህ ላይ ጠበቃ ያስፈልግሻል።

ለእናንተ ለደንበኞች ደግሞ ሁለት ነገር አለኝ። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ስለዚህ ቲፕ የምትሏት ብዙ ቦታ ደመወዙ ራሱ ናት። ሰርቪስ ቻርጅ በሌለበት ቤት ከሒሳቡ አሥር በመቶ ብትተዉ አትጎዱም። በቴሌብር ስትከፍሉም የእሷን በጥሬ ብር ለይታችሁ በእጇ ስጧት። ሁለተኛው፣ ፉጨት ለከብት ነው። እጅ ከፍ ማድረግ ይበቃል፣ ታያችኋለች።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። ቤተሰብ ይዞ የገባበት ላውንጅ ውስጥ የሲጋራ ጢስ አላስቀምጥ አለው። ባለቤቱ «የሚያጨሱት ጥግ ላይ ናቸው» አለ።

መልስ፦ ጢስ ጥግ አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባርና ሬስቶራንትን ጨምሮ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የማጨሻ ጥግ ብሎ ነገር የለም። ይኸው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ይከለክላል። ያንን ጥግ ስታይ እዚያ የተቀመጡትን ልጆች ዕድሜም አይተህ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከሆጤ። ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጋብዛት ነው። በጀቱ 2,000 ብር ነው። ሩፍቶፕ ላይ ልውሰዳት ወይስ ሐይቅ ወርደን ዓሣ እንብላ?

መልስ፦ ሐይቅ። ሩፍቶፕ ላይ ሙዚቃው ስለሚጮህ «ምን አልሽ?» ስትል ታመሻለህ፤ ያ ብር ደግሞ ከነቫቱ ሁለት ሰዓት አያቆይህም። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀን ሂዱ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ እዘዙና በእጅ ብሉ። በሹካ ዓሣ ልትበላ ስትታገል ከምታይህ እሾህ እየለየህ ወደ እሷ ስትገፋላት ብታይህ ይሻላል። ወሬ ካለቀብህ ቆሮሶው የሐይቁ ተወላጅ እንዳልሆነ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ አምጥተው እንደለቀቁት ንገራት። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ላሳያት ብለህ ግን አትነሣ፤ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም። በር ላይ ትተሃት ገብተህ ከጎበኘህ ሁለተኛ ቀጠሮ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ባለ ኮከብ ሆቴል ተጋብዤአለሁ። ሦስት ሹካና ሁለት ቢላ ይደረደራል አሉ። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከውጭ ወደ ውስጥ። ጠፋህ? ጋባዥህን እያየህ አድርግ።

ጥያቄ፦ ከወረኢሉ። እናቱን ለሕክምና አዲስ አበባ ይወስዳል። እናትዬው ጿሚ ናቸው፣ ጫጫታ አይወዱም። «ዘመዶች ጭፈራ ያለበት ባህላዊ ምግብ ቤት እንውሰዳቸው ይላሉ። ምን ትመክረኛለህ?»

መልስ፦ ዘመዶችህ ራሳቸው መሄድ አምሯቸዋል። ራት ከእስክስታ ጋር የሚያቀርቡት ቤቶች ለእንግዳ ጥሩ ናቸው፤ ለታማሚ እናት ግን ድምፅ ማጉያ ሥር መቀመጥ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ለምሳ በሚያቀርበው የጾም ቡፌ የታወቀ ነው። እቴጌይቱ ራሳቸው ያቋቋሙት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው ስትላቸው ደግሞ እናትህ ምግቡን በሌላ ዓይን ያዩታል። በ2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት እንደነበር ሰምተህ ከሆነ ከዚያ ወዲህም ሠርቷል፤ ሳትነሣ ግን ደውለህ አረጋግጥ። ሐኪሙ ጨው ወይም ዘይት ከልክሏቸው እንደሆነ ቡፌው ፊት ከመቆማችሁ በፊት ጠይቀው። ቡፌ ፊት የቆመ ሰው ምክር አይሰማም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ ሬስቶራንትና ባር ሊከፍት ነው። የቢራ ፋብሪካው እዚያው ከተማ ስለሆነ ድራፍት በርካሽ አገኛለሁ ብሎ አስልቷል። ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚያስፈልግና ስሙን ማን እንደሚለው ጠይቋል።

መልስ፦ ፈቃዱን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ ይነግሩሃል።

ድራፍቱን በተመለከተ፣ የቢጂአይ ፋብሪካ ኮምቦልቻ ላይ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቢኖርም የጃምቦን ዋጋ የሚወስነው የበሩ ቅርበት ብቻ አይደለም፤ ታክሱ አለ፣ ኪራይህ አለ፣ የሚደፋው አረፋ አለ። የቅርበቱ ጥቅም ሌላ ነው፤ በርሜሉ መንገድ ላይ ፀሐይ አይመታውም። ያንን ጥቅም ደግሞ ብዙ ቤት በቱቦ ያባክነዋል። ቢራው የሚወርድበት ቱቦ በየጊዜው ካልታጠበ ይጎመዝዛል፤ ጠጪውም «ቢራው ተበላሽቷል» ብሎ ፋብሪካውን ይረግማል። በሳምንት ምን ያህል በርሜል እንደምትሸጥ ከማስላትህ በፊት ቱቦውን ማን እንደሚያጥብልህ ወስን።

ሌላው ውሃ ነው። ሽንት ቤትህ ውሃ ከሌለው ጣሪያው ላይ የሰቀልከው መብራት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ትልቅ ሮቶ ትከልና ከዚያ ስለ ሶፋው እናወራለን። ሥጋ ካስገባህ ደግሞ ከላይ ለባንኳ እህታችን የጻፍኩትን አንብብ። ሁለት መጥበሻ ግዛ፣ ወይም የአንዱን ብቻ ሽጥና በርህ ላይ ጻፈው።

ስሙን ራስህ አውጣ።